ከኦቦ ቱሉ ጋር በቁራኛ የዋልኩበት ቀን

በዚህ ዘመን ከባላጋራው ጋር በልብስ ጫፍ ተቋጥሮ ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው ብትፈልጉ ከእኔና ከኦቦ ቱሉ ሌላ የምታገኙ አይመስለኝም። ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው ግማሾቹ አላመኑኝም፤ ግማሾቹ ደግሞ የቅድመ አያቴን ታሪክ የማወራ መስሏቸው ነበር። ነገሩ ግን የተፈጸመው በእኛው ጊዜ፣ በሚኒባስና በሞባይል ዘመን ነው። ሱሉልታ ተጀምሮ፣ በቡራዩ ዞሮ፣ ሰበታ አለቀ። እኔ ከነዝርዝሩ ልንገራችሁ፣ እናንተ እንደፈለጋችሁ ፍረዱ።

ያኔ ቡራዩ ውስጥ አንድ ክፍል ከጓዳ ጋር ተከራይቼ የምኖር፣ አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት የምሠራ ሴተ ላጤ ነበርኩ። ስሜ ብርቱካን ነው። ቁጡ ነኝ፤ ከጥላዋ ጋር ትጣላለች ይሉኛል፣ ውሸት አይደለም። ታላቅ እህቴና ባሏ በመኪና አደጋ ባንድ ቀን ካረፉ ወዲህ ልጃቸው ሲፈን ከእኔ ጋር ትኖር ነበር። የፊት ጥርሶቿ የወላለቁ፣ ስትስቅ ምላሷ በክፍተቱ ብቅ የሚል ልጅ ናት። እህቴን አጥቼ የቆምኩት በእሷ ነው።

ችግሩ በእሷ የቆመ ሌላም ሰው መኖሩ ነበር። ኦቦ ቱሉ የሲፈን አባት አባት ናቸው፤ ተጂ አካባቢ የሚያርሱ፣ ረጅምና ቀጭን፣ አንዴ እምቢ ካሉ ጥንድ በሬ የማያነቃንቃቸው ሽማግሌ። የልጄ ልጅ በኪራይ ቤት አታድግም አሉ። እኔ ደግሞ የእህቴን ልጅ ለማንም አልሰጥም አልኩ። ሟቾቹ ይኖሩ የነበረው ሰበታ ስለነበር ሁለታችንም እዚያው ፍርድ ቤት ሄደን ሞግዚት እንድንባል አመለከትን።

ወሬ ደግሞ መሀላችን ገብቶ እሳት ያቀብል ጀመር። ለእሳቸው ልጅቷን ይዛ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው ብለው ነገሯቸው። ለእኔ ደግሞ ጅማ ማዶ ወንድማቸው ዘንድ ሊደብቋት ነው አሉኝ። እሳቸው እኔን፣ እኔም እሳቸውን በዓይነ ቁራኛ ስንጠባበቅ ከረምን። ይህን አባባል ያኔ እንደማንኛውም ሰው አፌ ላይ ስላለ ብቻ ነበር የምጠቀምበት፤ ትርጉሙን ጠይቄ አላውቅም።

በቀጠሮው ዕለት ጠዋት ጋሽ ታደሰ ሁለታችንንም ሱሉልታ ቤታቸው ጠሩን። ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ እህቴ ስትዳር ሽማግሌ ሆነው የሄዱትም እሳቸው ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ከሰዓት ስለሆነ በፊት ብትታረቁልኝ ብለው ነው። ሽማግሌ ፊት እንደምቀርብ ስለማውቅ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ሲፈንን ይዤ ደረስኩ። ኦቦ ቱሉ ዋዜማውን መጥተው እዚያው አድረው ኖሮ ጋቢያቸውን ለብሰው በረንዳ ላይ ተቀምጠው በጭጋጉ ውስጥ የሚያልፉትን ሯጮች ያያሉ። አካም ቡልተኒ አልኳቸው። ሰላምታዬን በአገጫቸው ተቀበሉኝ።

እርቁ ብዙም አልቆየም። አንድ ዙር ከተነጋገርን በኋላ መነጋገራችን ቀርቶ ጩኸት ሆነ። ይባስ ብሎ መታወቂያዬን ቡራዩ መርሳቴ ትዝ አለኝ፤ ያለ መታወቂያ ደግሞ ችሎት አልገባም። ቡራዩ ደርሼ ሰበታ እንገናኝ ስል ኦቦ ቱሉ ተነሱ፤ ሄዳ አትመለስም፣ መንገድ ላይ ሰው አዘጋጅታለች አሉ። እኔም ታዲያ እኔ ስሄድ እሳቸው ልጅቷን ይዘው ሊጠፉ ነው አልኩ። የጋሽ ታደሰ መኪና ጎማው ጎሚስታ ጋ ስለነበር ሁላችንንም ይዘው ሊነሱ አልቻሉም።

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ። "ጎማው ሲጠገን ሲፈንን እኔና ባለቤቴ እናመጣታለን። እናንተን ግን ድሮ ቢሆን ምን አደርጋችሁ እንደነበር ታውቃላችሁ? በቁራኛ ነበር የምልካችሁ።"

እኔ የማውቀው በዓይነ ቁራኛ የሚለውን አባባልና የአልጋ ቁራኛ የሚባለውን በሽተኛ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ረጋ ብለው አስረዱን። ድሮ እንደዛሬው በየቦታው እስር ቤት አልነበረም፤ ከሳሽ ተከሳሹን ይዞ ዳኛ ፊት ማቅረብ የራሱ ፈንታ ነበር። ስለዚህ የሁለቱን ኩታ ጫፍና ጫፍ ይቋጥሩና አብረው ይልኳቸዋል። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። መቆራኘት ማለት ሁለት ነገር አንድ ላይ አጣምሮ ማሰር ነው፤ ቁራኛም የመጣው ከዚያ ነው። ጠባቂውና እስረኛው አይለዩም። በሽታም ሰውን አልጋው ላይ ጠፍሮ ሲይዘው ቃሉን ከችሎት ተዋሰ፤ አልለቅ የሚል መንፈስም እንደዚሁ። "ቋጠሮውን የፈታ ደግሞ" አሉ ጋሽ ታደሰ፣ "ሸሸ ተብሎ ይረታል።"

ይህን ያሉት እንድናፍር ነበር። በኋላ እየማሉ ነግረውኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር፤ እኛን ግን አላወቁንም። ኦቦ ቱሉ የጋቢያቸውን ጫፍ ዘረጉና "ይቋጠር" አሉ።

እኔስ ማን ሆኜ ነው ወደኋላ የምለው? የነጠላዬን ጥለት ዘርግቼ፣ አጥብቀው ይቋጥሩት አልኩ። ጋሽ ታደሰ እኔ እኮ ለቀልድ ነው ቢሉም ሰሚ አላገኙም። ቀድሞ የፈታ ማመልከቻውን ያነሳል ተባባልን፤ እኔ በእመቤቴ፣ እሳቸው በዋቃ ማልን። ሲፈን እንደ ሰርግ አጨበጨበች። የጋሽ ታደሰ ባለቤት ሳቃቸው ስላመለጣቸው ወደ ጓዳ ሸሹ።

እንዲህ ሆነን ሚኒባስ ገባን። ረዳቱ አየን፣ ደግሞ አየን፣ ምንም ሳይል ከኋላ ወንበር አስቀመጠን። ወደ እንጦጦ ዳገት ስንወጣ አጠገቤ የተቀመጡ እናት በጆሮዬ፣ አባትሽ ናቸው ወይ፣ ጠበል ልትወስጃቸው ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለካ በዚያ መንገድ ታስሮ የሚሄድ ሰው ከጠበል በቀር ሌላ ቦታ የለውም። እኔ መልስ ሳዘጋጅ ኦቦ ቱሉ ወደ እሳቸው ጎንበስ ብለው በሚያሳዝን ድምፅ፣ "ታማሚዋ እሷ ናት። ስትጮህ እንዳይደነግጡ" አሏቸው።

እኔም ጮህኩ። ምን ላድርግ? ሴትዮዋ አማተቡ፣ ፊት የነበረው ተሳፋሪ ሁሉ ዞረ፣ አንድ ሰው አይዞሽ እህቴ ይወጣል አለኝ። እያስረዳሁ በጮህኩ ቁጥር የባሰ አመኑ። ኦቦ ቱሉ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ነበር፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ስለነበር ቋጠሮው ሳቃቸውን ወደ እኔ ያመጣው ነበር። አዲሱ ገበያ ስንወርድ ሴትዮዋ በፕላስቲክ የያዙትን ጠበል ፊቴ ላይ ረጭተውኝ ሄዱ።

ቡራዩ ስንደርስ ፀሐይ ከርራ ነበር። አከራዬ እትዬ ዘውዴ በር ላይ ጎመን ሲከትፉ አገኙን፤ ቢላቸው በአየር ላይ ቀረ። በኋላ እነግርዎታለሁ ብዬ አለፍኩ። ቤቴ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ተቋጥሮ ሲገባበት ደግሞ አንዱ ሲዞር አንዱ ግድግዳ ይመታል። መታወቂያዬን ከመሳቢያ እያወጣሁ ሳለ ቋጠሮው ወደኋላ ሳበኝ። ኦቦ ቱሉ በሲፈን አልጋ በኩል ቆመው ቀርተዋል።

ግድግዳው ላይ ሲፈን የሳለችው ሥዕል ተለጥፏል። ከቤቱ የሚበልጥ ረጅም ሰው አለ፤ በአጠገቡ ደግሞ ከሰውየውም የምትበልጥ ቀይ ላም።

ይህች ላም የማን ናት ብለው ጠየቁኝ፤ እያወቁ ነው።

የእርስዎ ናት አልኳቸው። ማታ ማታ ስለ እሷ ካላወራሁላት አትተኛም፤ ላሚቱን አይቻት ስለማላውቅ የምነግራት አብዛኛው የፈጠራ ነው፤ በቅርቡ ተጂን ለቅቃ ባሕር ተሻግራ ተመልሳለች። ስለ እኔስ ምን ትነግሪያታለሽ አሉኝ። ከተናደድኩ ቀን በቀር ክፉ ነገር እንዳልነገርኳት፣ የተናደድኩ ቀንም ስለ ላሚቱ ብቻ እንደማወራ ነገርኳቸው። ከዚያ ውሃ ለመኑኝ፤ አብረን ወደ ጓዳ ሄደን ቀዳሁላቸው። እትዬ ዘውዴ ካሳደሩት ጎመንም ጎርሰን ወጣን።

ከቡራዩ በአሸዋ ሜዳ አድርገን፣ አየር ጤና ተሳፍረን ወደ ሰበታ ስንገሰግስ ዓለም ገና ሳንደርስ ፍተሻ ገጠመን። ሁሉም ይውረድ ተባለ። ፖሊሱ ወጣት ነው፤ መታወቂያ ሲያይ ቋጠሮው ላይ ደረሰና ይሄ ምንድነው አለ። እዚህ ላይ በሰላም ብናገር ኖሮ እናልፍ ነበር። እኔ ግን ሙቀቱም፣ የጠበሉም ነገር ሆዴ ውስጥ ስለነበር "እስረኛዬ ናቸው" አልኩት።

"ውሸቷን ነው" አሉ ኦቦ ቱሉ። "እስረኛዋ እሷ ናት።"

ፖሊሱ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየና ወደ ጣቢያ አለን።

ጣቢያው ግቢ ውስጥ በአግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡን። ኃላፊዋ ሳጅን በእድሜ የእኔ ታላቅ የምትሆን፣ ፊቷን ለማኮሳተር የምትታገል ሴት ነበረች። ነገሩን ከአፋችን ሰምታ ስትጨርስ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፋች፤ ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አዝሏል። ወንጀል የላችሁም፣ ፍቱትና ሂዱ አለችን። እሳቸው ይፍቱት አልኩ። እሷ ትፍታው አሉ ኦቦ ቱሉ። ሳጅኗ እዚህ ጣቢያ ልልቀቃችሁ ስል እምቢ ያላችሁኝ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እናንተ ናችሁ አለች። እንዲህ ተቋጥራችሁ ግን መንገድ ላይ ብለቃችሁ ሌላ ችግር ታመጣላችሁ ብላ ለጋሽ ታደሰ ስልክ ደወለች። አላነሱም፤ እየነዱ ነበር።

ሰዓቱ እየነጎደ ነው። ካልደረስን ደግሞ ሁለታችንም ቀርተን ማመልከቻችን ሊዘጋ ነው። ይህን እያሰብኩ ሳለ ኦቦ ቱሉን አየኋቸው። ግንባራቸውን አልቧቸዋል። እግራቸውን አንዴ ያነባብራሉ፣ አንዴ ይዘረጋሉ። መድኃኒት ቤት ስለምሠራ በዚያ ዕድሜ ያሉ አባቶች የሚገዙትን መድኃኒት አውቃለሁ፤ ምን እንደያዛቸው ወዲያው ገባኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሽንት ቤት አልሄዱም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። ደስ አለኝ። ምንም ሳላደርግ፣ አንድ ቃል ሳልናገር፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ላሸንፍ ነው። ትንሽ ብታገስ ቋጠሮውን ራሳቸው ይፈቱታል፤ ሲፈን የእኔ ትሆናለች።

ለምን ጋቢውን ጥለው አይሄዱም አልኳቸው ቀስ ብዬ።

"ጥዬ ብሄድ ሸሸ ትያለሽ" አሉኝ። ወደ እኔ አላዩም። እኔ ፊት፣ ከልጃቸው ሚስት እህት ፊት፣ ያን ትልቅ ሰው ውርደት ሊያገኛቸው ነው። ያ ረጅም ሰውዬ፣ ሥዕሉ ላይ ከቤት የሚበልጠው። ሲፈን ብታያቸው ምን ትላለች ብዬ አሰብኩ።

ብድግ አልኩና ነጠላዬን ከትከሻዬ አውልቄ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። "ቋጠሮው አልተፈታም፤ እኔን ይዘው ይሂዱ" አልኳቸው።

ነጠላውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ እንደ ወጣት ሮጡ። ሳጅኗ ነገሩን በበሩ ስታይ ኖሮ፣ አሁን እኮ የሸሸሽው አንቺ ሆንሽ፣ ልብስሽ እሳቸው እጅ ነው አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ባዶ ትከሻዬን ይዤ ቆምኩ። ሰውዬው ተመልሰው ሸሽታለች ቢሉ የሚመሰክርላቸው ነጠላ በእጃቸው ነው።

ኦቦ ቱሉ ተመለሱ። ፊታቸው ላይ ሰላም ወርዷል። ከፊቴ ቆሙና ነጠላውን ዘርግተው ትከሻዬ ላይ አለበሱኝ፤ እናት ልጇን ትምህርት ቤት ስትልክ እንደምታለብሰው አስተካከሉልኝ።

"ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ። አመሰግናለሁ ልጄ ማለታቸው ነው። ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር። ከዚያ ሳቅ መጣ። ማን እንደጀመረ አላውቅም፤ በጠበሉ ሳቅን፣ በእትዬ ዘውዴ ቢላ ሳቅን፣ ሳጅኗም አብራን ሳቀች፤ ከማረፊያ ቤቱ መስኮት ውስጥ ያሉት እስረኞች እንኳ ምክንያቱን ሳያውቁ ይስቁ ጀመር። ሳጅኗ እንባዋን ጠርጋ የመኪና ቁልፍ አነሳች፤ እኔው ካላደረስኳችሁ ሥራ መሥራት አልችልም ብላ በፖሊስ ፒካፕ ከኋላ ጫነችን።

ሰበታ ፍርድ ቤት ከፖሊስ መኪና ተቋጥረን ስንወርድ ግቢው ውስጥ ያለ ባለጉዳይ ሁሉ ቆሞ አየን። ጋሽ ታደሰ ሲፈንን ይዘው ደርሰው ነበር፤ ሲያዩን ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ። ችሎት ገባን። ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩን። ጋሽ ታደሰ ተነስተው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የአባቶችን ወግ ለማይሆን ሰው ነገርኩ ብለው አስረዱ። ዳኛዋ ከንፈራቸውን ነክሰው ሰሙና፣ ችሎት ፊት እንዲህ አይቆምም፣ ይፈታ አሉ።

ሁለታችንም ቋጠሮውን አልነካንም። ዳኛዋ ደገሙ። ኦቦ ቱሉ መናገር እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ፤ የተናገሩት በኦሮምኛ ነው፣ እኔም ሰበታ ስላደግሁ አንድም ቃል አላመለጠኝም።

"ይህችን ልጅ ዛሬ አብሬያት ዋልኩ። ትጮሃለች። አፏ አያርፍም። ግን መርታት በእጇ ገብቶ ሳለ ሽማግሌ አላዋረደችም። የልጄን ልጅ የምታሳድጋት እሷ ትሁን። እኔን ደግሞ ቁራኛ አድርጉኝ።"

ዳኛዋ የልጅቷ ቁራኛ ማለትዎ ነው ወይ ብለው ጠየቁ።

"የሁለቱም" አሉ።

እኔ ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም እስቅ ነበር። እኔም ያለ እሳቸው አላሳድጋትም አልኩ። ዳኛዋ ሞግዚትነቱን ለእኔ ሰጡ፤ አያትየው በፈለጉ ጊዜ እንዲጠይቋት፣ ትምህርት ሲዘጋም ተጂ እንድትከርም አዘዙ። ቋጠሮውን በሚመለከት ግን ሕጉ ውስጥ ስላላገኘሁት ትእዛዝ የለኝም አሉ። ስለዚህ ኦቦ ቱሉ ጋቢያቸውን፣ እኔም ነጠላዬን እኩል አወለቅን። ሲፈን ሁለቱንም ደርባ ለበሰቻቸው፤ ከችሎቱ የወጣችው ከኋላዋ የሚጎተት የሙሽራ ልብስ አስከትላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕይወቴ ተለወጠ ስላችሁ እያጋነንኩ አይደለም። በእኔ ሥራና በእሳቸው እርሻ መሀል ይሁን ብዬ ሰበታ ተከራየሁ። ኦቦ ቱሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እርጎ ይዘው ይመጣሉ፤ አመጋገቤን፣ አስተኛኘቴን፣ አቆጣጤን ይቆጣጠራሉ። ላግባሽ ያለኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ተጂ ሄዶ በሬ ጠምዶ ማሳየት ነበረበት። ብዙዎቹ ቀሩ። አንዱ ጠመደ፤ እሱን አገባሁ።

እናንተም ልጅ መሀል አስቀምጣችሁ የምትካሰሱ ካላችሁ፣ ተቋጠሩ አልላችሁም። እኔ ግን ሞግዚት የሚለው ቃል ብቻውን ሲነገር ጎዶሎ ይሆንብኛል። ከልጅቷ ጋር ስትታሰሩ እሷን ከሚወድ ሰው ሁሉ ጋር ነው አብራችሁ የምትታሰሩት፤ ይህን የነገረኝ ችሎት ሳይሆን የጣቢያው አግዳሚ ወንበር ነው።

ጋቢውና ነጠላው እንደተቋጠሩ ሳሎናችን ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅለዋል። ኦቦ ቱሉ ክረምት ሲመጣ ሌላ ጋቢ ገዙ እንጂ ያንን አልነኩትም። ባለፈው ሲፈን አጥባ ልታሰጣው ፈልጋ፣ ልፍታው ወይ ብላ ጠየቀችን። እኔና ኦቦ ቱሉ እኩል ተነስተን ጮህንባት። የፈታ ይረታል ብለን ምለናል፤ እስከ ዛሬ ማንም አልተረታም።